የእማዬ ምንጣፍና የአቦ ወፍ

ይህን የምጽፈው ከመሐል ሜዳ ወጥተው አዲስ አበባን የማየት ሐሳቡም ጊዜውም ለሌላቸው ጎረቤቶቼ ነው። ከተመለስን ጀምሮ ያገኘኝ ሁሉ «ፒያሳ እንዴት ነበረች?» ይለኛል። መልሴ አንድ ነው፤ አላውቅም። ስድስት ሌሊት አድሬባት፣ ላይ ታች ስልባት ከርሜ አላውቃትም። ሃያ ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማረ ሰው እንዲህ ሲል ያሳፍራል፤ ግን ከመዋሸት ይሻላል። በዚህ ጉዞ አንዴ ዋሽቻለሁ፤ እሱንም ቦታው ሲደርስ እናገራለሁ።

ታኅሣሥ 2

የእማዬን ዓይኖች ሞራ ከሸፈናቸው ቆይቷል። ቀኙ ፈጽሞ አያይም፤ ግራው ብርሃንና ጥላ ይለያል። ሐኪሞቹ በቀላል ቀዶ ጥገና እንደሚገለጥ ነግረዋት ነበር፤ እሷ ግን «ዓይኔን የያዘው አቦ ነው» ብላ እምቢ አለች። በወጣትነቷ ሁለት ዓመት ፒያሳ ስትኖር ለአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ የበግ ጠጉር ምንጣፍ ተስላ ኖሯል፤ ምንጣፉን ሳታስገባ አገሯ ተመለሰች። «ስለቴን ሳላደርስ ዓይኔን ብረት አይነካውም» አለች። ለምን ምንጣፍ እንደሆነ ስጠይቃት «እሱ ልብስ የለው፣ ጠጉሩ ነው ልብሱ፤ ሌላ ምን ይሰጡታል?» ነበር መልሷ። ጠጉሩን በዳበሳ ፈተለችው፣ ሸማኔው ሠራላት፣ ዘንድሮ ደረሰ። እኔም እቅድ አወጣሁ፦ ምንጣፉን ታኅሣሥ 5፣ በአቦ ቀን እናስገባለን፤ በማግስቱ ትታከማለች። ወረቀት ላይ ያምር ነበር።

አውቶቡሱ ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተነሣ። ምንጣፉን ከጣራው ላይ ከበግ ቆዳና ከገብስ ጆንያ ጋር አሰሩት። ጣርማበር ላይ፣ ጉሙ መሐል፣ ጎማ ፈነዳ። ረዳቱ ቅያሪውን ጎማ ከጣራው ፖርቶመጋላ ሲያወርድ የምንጣፉ ጫፍ ብረት ያዘውና ስንዝር ያህል ተተረተረ። ረዳቱ ደነገጠ። «ማዘር፣ በእመቤቴ ይቅርታ፣ አላየሁትም» አላት። እማዬ የተቀደደውን በጣቷ እየዳሰሰች «አንተ ምን አደረግህ፣ አቦ ተቆጥቶ ነው» አለችው። እኔ አቦ ሳይሆን የፖርቶመጋላው ብረት ነው አልኩ። ማንም አልሰማኝም፤ ረዳቱም አማትቦ ወደ ጎማው ሄደ።

ደብረ ብርሃን ምስር ወጥ በላን። እማዬ የኛን አገር ምስር እያነሣች ይህኛው ውኃው በዝቷል አለች፤ ቢሆንም ጨረሰችው። ላምበረት መናኸሪያ የደረስነው ከአሥር ሰዓት በኋላ ነው። የምናርፈው ፒያሳ፣ እሪ በከንቱ ሰፈር፣ የእማዬ የአክስት ልጅ እትዬ ዘነበች ቤት ነበር። ስልክ ደወልኩላቸው።

«ከዳቦ ቤቱ ፊት ለፊት ውረዱ፣ እዚያ እጠብቃችኋለሁ» አሉኝ።

«ዳቦ ቤቱ የት ጋ ነው?»

«ፈርሷል። ቦታው ግን አለ።»

ይህን ለታክሲው ሾፌር ስነግረው ምንም አልገረመውም፤ ቀጥ አድርጎ ወሰደን። እኔ ያየሁት ሰፊ አስፋልት፣ አዲስ የተተከለ ሣርና የመብራት ምሰሶ ብቻ ነው። እትዬ ዘነበች ግን በእርግጥም ከሌለው ዳቦ ቤት ፊት ለፊት ነጠላቸውን ተከናንበው ቆመው ነበር። ከአንድ ትምህርት ቤት ወጥ ቤት በጡረታ የወጡ ቀጭን ሴት ናቸው። ቤታቸው ቆጥ ያላት አንዲት የጭቃ ክፍል ናት፤ ከኋላዋ ያለው ሰፈር ተነሥቶ መንገድ ሆኗል። አልጋቸውን ለእማዬ ለቀው እሳቸው መሬት ተኙ። ብለምናቸው ብለምናቸው አልሆነም። እኔ ቆጡ ላይ ወጣሁ፤ ጭንቅላቴን ከጣራው ቆርቆሮ ጋር ሳላጋጭ ያደርኩበት ሌሊት የለም።

ታኅሣሥ 3

ጠዋት አምስት ኪሎ አካባቢ ወዳለው የዓይን ክሊኒክ ሄድን። ሐኪሟ ወጣት ናት፤ እማዬን «እማማ» እያለች አገጯን በእጇ ደግፋ መረመረቻት። ግራውን ዓይን ታኅሣሥ 6 እሠራዋለሁ አለች። ደስ አለኝ። ከዚያ እማዬ ጠየቀቻት።

«በምንድን ነው የምትነኪው?»

«በትንሽዬ መሣሪያ ነው እማማ። አያምም፣ እናደነዝዘዋለን።»

«ጫፉ ሹል ነው?»

«አዎ፣ ትንሽ ሹል ነው።»

እማዬ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። አመሏን አውቀዋለሁ፤ በግ የጠፋባት ቀን እንዲያ ነው የምትሆነው።

ሊያስደስታት ይችላል ብዬ ፒያሳ አንድ ኬክ ቤት ይዣት ገባሁ። ለእሷ ሻይ፣ ለእኔ ማኪያቶ አዘዝኩ። ማኪያቶው እንደቀረበ ፊቷን ወደ እኔ አዞረች። «በጾመ ነቢያት ወተት?» አለች። ዓይኗ እንጂ አፍንጫዋ ደህና እንደሆነ ረስቼው ነበር። አስተናጋጁ እየሳቀ ወስዶ በጥቁር ቡና ቀየረልኝ።

ማታ በሽሮው ዙሪያ ነገሩ ወጣ። እማዬን ያስፈራት የአቦ ታሪክ ነው። ለማያውቀው ባጭሩ ልናገር፦ አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ከግብፅ የመጡ ባሕታዊ ናቸው። ከእናታቸው ጡት ሳይጠቡ፣ እህል ሳይቀምሱ፣ ልብስ ሳይለብሱ ኖሩ ይባላል። ስልሳ አንበሳና ስልሳ ነብር ተከትለዋቸው ነበር፤ ዝቋላም ባሕር ውስጥ ቁልቁል በራሳቸው ተተክለው ለኢትዮጵያ ሕዝብ ምሕረት ለመኑ። ዝቋላን ለተማሪዎቼ በካርታ ስንት ጊዜ አሳይቻለሁ፤ እሳተ ገሞራ የፈጠረው ተራራ ነው ብዬ አልፋለሁ። በስዕላቸው ላይ ታዲያ አንዲት ወፍ ዓይናቸው ዘንድ ትታያለች።

«ያ ቁራ ነው» አለች እማዬ። «ሰይጣን በቁራ ተመስሎ መጥቶ ዓይናቸውን አወጣው። ሚካኤልና ገብርኤል እፍ ብለው መለሱላቸው። በሹል ነገር አይደለም የመለሱላቸው፣ በእስትንፋስ ነው። ሹሉ የማን እንደሆነ ይኸው።»

እትዬ ዘነበች እንጀራውን አስቀመጡ። «ምን ትያለሽ አንቺ? ወፏ የተጠማች ናት። በረሃ ላይ ውኃ አጥታ መጣችና እንባቸውን ጠጣች። እሳቸውም ዓይናቸውን ሳይከድኑ ቆሙላት። ከልጅነቴ የሰማሁት ይህን ነው።»

«የመንዝ ቄስ እንዲያ አላስተማረኝም።»

«የመንዝ ቄስ የዝቋላን ወፍ የት አይቷት?»

እኔ መሐል ገብቼ ሁለቱም ሊሆን ይችላል አልኩ፤ ሁለቱም ተቆጡኝ። ቆጡ ላይ ወጥቼ ተኛሁ። የገባኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ወፏ ቁራ ከሆነች እማዬ ከዚያች ሐኪም ፊት አትቀመጥም። ስለቱ ቢገባም አትቀመጥም።

ታኅሣሥ 4

ይህ ቀን ከጉዞው ሁሉ የከፋው ነው። ለነገ ቦታውን አውቀን እንደር ብለን ምንጣፉን ጠቅልዬ በትከሻዬ ይዤ፣ እማዬን በሌላው እጄ ይዤ፣ አቦን ፍለጋ ወጣን። እትዬ ዘነበች ፒያሳ የገቡት እማዬ ከወጣች በኋላ፣ የሚሳለሙትም ሌላ ደብር ስለሆነ የእሷን አቦ አያውቁትም። እማዬ የምታስታውሰው ይህን ነው፦ ከሲኒማ ቤቱ ወረድ ይባላል፣ አረቄ ቤት አለ፣ ከአረቄ ቤቱ ጎን ቁልቁለት፣ ከቁልቁለቱ በኋላ ግራር፣ ከግራሩ ጀርባ አቦ። ከእነዚህ ሁሉ ቁልቁለቱ ብቻ ቀርቷል፤ ቁልቁለት ደግሞ አራዳ ውስጥ የሌለበት የት አለ? በስልኬ ካርታ ከፈትኩ። ካርታው ሰፈር ያሳያል፣ እኔ የቆምኩት ሣር ላይ ነው። ስልኬ ትክክል ነው ወይስ እግሬ?

ሰው ሁሉ የሚጠይቀን ስለ ምንጣፉ ነው። አንዱ የመኪና አስቋሚ ጎልማሳ ሦስት ጊዜ ስናልፍ አየንና ጠራኝ።

«ፋዘር፣ ስንት ነው ምንጣፉ?»

«አይሸጥም።»

«ታዲያ ምን፣ አየር እያስበላኸው ነው?»

«ለአቦ ስለት ነው። አቦ የት ጋ ነው?»

«አቦ እዚህ የለም። ይሄ ማርያም ናት» ብሎ ከፊታችን ያለውን ግቢ አሳየን። «አቦ ከፈለግክ ሳሪስ ነው። እዛ ሂድ፣ አትልፋ።»

ሳሪስ ሄድን። ሁለት ታክሲ ቀየርን፤ ምንጣፉ የአንድ ሰው መቀመጫ ያዘ፣ ሰዉም አጉረመረመ። ሳሪስ አቦ በሩ ላይ ስንደርስ እማዬ ሳትሳለም ቆመች። በእግሯ መሬቱን ሞከረችው።

«ይሄ ሜዳ ነው» አለች። «የእኔ ቁልቁለት ነበረው።»

«እማዬ፣ አቦ አቦ ነው። እዚሁ እናስገባው።»

«ስለት የተሳሉበት ነው የሚገባው። እዚያ ቃል ገብቼ እዚህ ላምጣ?»

መነጽሬ በላብ አፍንጫዬ ላይ እየተንሸራተተ፣ ትከሻዬ ዝሎ፣ ተናደድኩ። ምንጣፉን ከመንገዱ ጠርዝ ላይ ጣልኩትና «ለመሆኑ ምን ብትሳይ ነው እንዲህ የምንንከራተተው?» አልኳት። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር።

ምንጣፉን ፈልጋ ተቀመጠችበት። «ስለ አንተ ነዋ» አለች። «ሁለት ቀብሬ ነበር። ሦስተኛውን ካኖርክልኝ አልኩት። ለአንተ ያልነገርኩህ፣ ባለ ዕዳ ሆነህ እንዳታድግ ብዬ ነው።»

አርባ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ይህን አላውቅም ነበር። አጠገቧ ተቀመጥኩ፤ አንድ ሰውዬ መጥቶ ምንጣፉን ስንት እንደምንለው ጠየቀን።

ወደ ፒያሳ ስንመለስ እትዬ ዘነበች የተቀደደውን የሚሰፋ ሰው አለ ብለው አትክልት ተራ አጠገብ ወዳለ ልብስ ሰፊ ወሰዱን። ጋሽ ሰይድ ይባላሉ፤ ከወሎ የመጡ፣ ጢማቸው የነጣ፣ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው። ምንጣፉን ሲዳስሱ ፊታቸው በራ። «የመንዝ ጠጉር ነው» አሉ። ከእማዬ ጋር ስለ በግ ሸለታ ማውራት ጀመሩና እኔን ረሱኝ። ጆንያ መስፊያ መርፌ አወጡ።

«ለማን ነው የሚገባው?» አሏት።

«ለአቦ። ግን ጠፋብን።»

መርፌውን አቆሙ። «እንዴት ይጠፋል? እዚችው አይደል እንዴ?» ብለው በመርፌው ጠዋት ሦስት ጊዜ ያለፍነውን ግቢ አመለከቱ።

«እሱ እኮ የማርያም ነው» አልኩ።

«ባለቤቷ ማርያም ናት። አቦ ደባል ነው። ይኼን ሱቅ ከያዝኩ ጀምሮ ሳያቸው በሃያ አንድ ለማርያም ይጎርፋሉ፣ በአምስት ለአቦ። በአንድ ቤት ሁለት ታቦት ነው። ያንን የበር መጋረጃ እኔ ነኝ የሰፋሁት፣ ለአቦ ብለው ነው ያመጡልኝ።»

እማዬ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። «ወይ ጉዴ። ልብስ የማጥብላት ሴትዮ በአምስት ማኅበር ትጠጣ ነበር፤ ሥራ የምፈታው ያን ቀን ብቻ ነው። በሌላ ቀን ሄጄ አላውቅም። ሁሉም አቦ አቦ ሲል ቤቱ የእሱ መሰለኝ።» ሁለት ዓመት የሳመችው ቤተ ክርስቲያን የማን እንደሆነ ሳታውቅ ቀርታ፣ እኔ ደግሞ በስልክ ካርታ እፈልገው ነበር። ጋሽ ሰይድ ስፌቱን ጨርሰው ክሩን በጥርሳቸው በጠሱ። ዋጋ ስጠይቅ «ለእናትህ ዓይን ይሁን» ብለው እጄን መለሱት።

ታኅሣሥ 5

ግቢው በነጭ ነጠላ ተሞልቶ ነበር። እማዬ ቁልቁለቱን ስትወርድ እግሯ አወቀው፤ እጄን ለቀቀች። ስለት የሚቀበሉት ዲያቆን ምንጣፉን ዘርግተው አዩ፣ የክርስትና ስሟን ጠየቁ፣ ከዚያ በድምፅ ማጉያው «ወለተ ሚካኤል፣ ከመንዝ፣ የጠጉር ምንጣፍ! ስለትዎ በምን ተሰማ?» አሉ።

«በልጄ» አለች እማዬ። «ይኸው ቆሟል።»

ያ ሁሉ ሕዝብ ወደ እኔ ዞሮ እልል አለ። ፂሜ የሸበተ ሰውዬ መሐል ግቢ ቆሜ እንደ አራስ ተመረቅሁ። አፈርኩ፤ ደስም አለኝ፤ የትኛው እንደበዛ አሁንም አላውቅም።

ሰዉ ሲቀልል አንድ አረጋዊ ቄስ አገኘሁና ቀስ ብዬ ጠየቅኳቸው። «አባቴ፣ የአቦ ወፍ ዓይናቸውን ነው ያወጣችው ወይስ እንባቸውን ነው የጠጣችው?»

«ሁለቱም ይነገራል ልጄ» አሉኝ። «አንተን የቸገረህ የትኛው ነው?»

የቸገረኝን ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁና መስቀል አሳልመውኝ ሄዱ። የባሰ ግራ ገባኝ።

እማዬ ስዕሉ ዘንድ ውሰደኝ አለች። ጫማችንን አውልቀን ገባን። ስዕሉ በሴቶቹ በኩል ግድግዳው ላይ ነው፤ ያረጀ ሸራ። አንበሶቹ አሉ፣ ነብሮቹ አሉ፣ እስከ እግር የወረደው ጠጉር አለ። ከግንባሩ እስከ ጉንጩ ግን ቀለሙ የለም። ከፊታችን የነበረች አንዲት ሴት ጣቷን እዚያ ላይ አሳርፋ የራሷን የዓይን ቆብ ዳሰሰች፤ ያኔ ገባኝ። ዓይኑን የታመመ ሁሉ ስንት ዘመን እየነካ ጠርጎታል። የአቦ ዓይንም ወፏም ሄደዋል። ባዶ ሸራ ነው።

«ወፏ ምን እያደረገች ነው?» አለች እማዬ።

ካርታው ላይ የሌለ ወንዝ ለሚጽፍ ተማሪ ዜሮ የምሰጥ ሰው ነኝ። የእማዬ እጅ ክንዴን ጥብቅ አድርጎ ይዞ ነበር።

«እየጠጣች ነው» አልኩ።

«ዓይኑስ?»

«ደህና ነው። ክፍት ነው፣ ዝም ብሎ ያስጠጣታል።»

ክንዴን ለቀቀች። «እንግዲያ ነገ እንሂድ» አለች።

ታኅሣሥ 6

እማዬ ለቀዶ ጥገናው ከገባች በኋላ እስክትወጣ እኔና እትዬ ዘነበች አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። እሳቸው ይጸልያሉ፤ እኔ ስለ ውሸቱ አስባለሁ። ዓይኗ ባይድን፣ ያስቀመጥኳት እኔ ነኝ። የሄድኩበት ተራራ ሁሉ እንዲህ አላደከመኝም። ዓይኗ ታሽጎ ወጣችና የመጀመሪያ ቃሏ «ራበኝ» ነበር። ከሰዓት በኋላ እትዬ ዘነበች ቤት ጋሽ ሰይድ በጥቁር ፌስታል ብርቱካን ይዘው ሊጠይቋት መጡ፤ ቆጡን እያዩ የድሮ ቤታቸው እንዲህ ያለ እንደነበር ነገሩን። እማዬ በታሸገ ዓይኗ ስትስቅ ሰማኋት።

ታኅሣሥ 7

ሐኪሟ ማሸጊያውን አነሣች። እማዬ ዓይኗን ጨፈን ገለጥ አደረገችና ፊቷን ወደ እኔ መለሰች።

«ሸበትክ» አለች።

ከዚያ በላይ ምንም አላለችም፤ እኔ ግን ውጭ ወጥቼ ግድግዳ ተደግፌ አለቀስኩ።

ወደ ቤት ስንመለስ አቦ ጋ እንለፍ አለች። የራሷን ምንጣፍ ከበሩ ስር ተነጥፎ አየችው፤ የጋሽ ሰይድን ስፌት ጎንበስ ብላ መረመረችና ጥሩ ነው አለች። ከዚያ ስዕሉ ፊት ቆመች።

«ወፍ የለም» አለች።

«የለም።»

«ዓይንም የለም።»

«የለም እማዬ። ዋሸሁሽ።»

«አውቃለሁ። እኔ ስሳልም አልነበረም። ያኔም እንዲሁ ተልጦ ነበር፤ ጣቴን እዚያችው ላይ አድርጌ ነው ስለ አንተ የለመንኩት።»

ግራ ተጋባሁ። «ካወቅሽ ታዲያ ለምን ጠየቅሽኝ?»

«ፈርቼ ነበራ» አለች። «እስቲ ልጄ ምን ይለኛል ብዬ ነው።»

እጇን ዘርግታ ጣቷን ባዶው ሸራ ላይ አሳረፈች። ከዚያ ጣቷን እንደዘረጋች ወደ እኔ ዞረች።

«መነጽርህን አውልቅ» አለችኝ።

አወለቅኩ።